ምሕረቱ የመጣበት መንገድ

መስከረም 19፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ንግግር። የእህቴ የታደለች ግቢ፣ የምስጋና ጸሎት። ልጇ ምሕረቱ ከደቡብ አፍሪካ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ደርሶላታል። ከዞኑ አስተዳደር በጡረታ ከተሰናበትሁ ቆየሁ፤ ከማይክራፎን ግን አልተሰናበትሁም። ሰጡኝ፣ ተቀበልሁ። እንደ ወጉ በማዕረግ አከበርሁ፦ የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ የተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የተከበራችሁ የጎሳ አባቶች፣ ውድ እናቶች፣ ውድ ወጣቶች። ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተ ዘንድ ስደርስ ይህ ሁሉ ይቀርልኛል። ስለዚህም እወድሃለሁ።

የልጁ ነገር አላማረኝም። በክብር ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ቀትር ነው፣ ፀሐይ ነው፤ እሱ ግን ወፍራም የቆዳ ጃኬት ለብሶ ይንቀጠቀጣል። ከቡላ የሚሠራው የበዓሉ ምግባችን አታካና ቅቤው እየተንጣጣ ቀረበለት፤ አንድ ሁለቴ ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከአታካና ፊት የሚያፈገፍግ የሀዲያ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ጎረቤቷ አቶ ከድር፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። ቀልዱን ይዞ ነው የመጣው። «እኛን የሚበርደን ስናጣ ነው። ጆበርጎችን ደግሞ ሲያገኙ ይበርዳቸዋል እንዴ?» ግቢው በሳቅ ተናጋ። ምሕረቱም ሳቀ፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። ታደለች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም መልሷ አንድ ነው፤ የአውሮፕላን ብርድ ነው፣ ያልፋል። አብሮት የተመለሰው የዶዮገናው ልጅ፣ ታምራት፣ እሱንም እንዲሁ ብርድ ይዞታል አሉ።

ጸሎቱ ረዘመ። የሚመሰገንበት ሰው ከምስጋናው መሐል ተነሥቶ አይተኛም። ልጁ እስከ መጨረሻው «አሜን» ተቀመጠ። ሲነሣ ክንዱን ያዝሁት። በጃኬቱ ላይ እንኳ ያቃጥላል።

መስከረም 21፣ ቀትር

ከክሊኒክ መመለሴ ነው። ትኩሳቱ አልለቀቀውም።

በእኛ ዘንድ ሕመምተኛ አይናገርም፤ የሚናገርለት ይበዛል። ብቻውን ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ወገን እንደሌለው ይቆጠራል። ስለዚህ ሁላችንም ገባን። እናቱ፣ አክስቱ፣ የአክስቱ ባል፣ እኔ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች በበሩ ላይ። የጤና መኮንኑ ትሑት ወጣት ነው፤ ወንበሩን ለእኔ ለቅቆ ቆሞ ጠየቀ።

ቆላ ሄደህ ነበር ወይ አለው።

ምሕረቱ አፉን ሳይከፍት አክስቱ ቀደመች። «የምን ቆላ? ጆበርግ ነው እንጂ!»

«በአየር ነው የመጣው፣ በአየር!» ታደለች።

«መሬትም አልረገጠ» የአክስቱ ባል፣ እየሳቀ።

መኮንኑ ወደ እኔ ዞረ፣ ለማረጋገጥ። ራሴን ነቀነቅሁ። የማውቀው ይህንኑ ነበር። ልጁን አየሁት፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ከትኩሳቱ መስሎኝ።

ደሙ ታየ። ለወባ የታየው ንጹሕ ነው፤ ታይፎይድ አለ ተባለ። መርፌ ታዘዘ። መኮንኑ አንድ ነገር ተናግሯል፣ ልመዝግበው፤ ትኩሳቱ ከተመላለሰ ደሙ ደግሞ መታየት እንዳለበት። ቀጥሎ ግን ከከተማ ወደ ከተማ በአውሮፕላን የመጣ ከሆነ ወባው እምብዛም አያሰጋም ብሎ ራሱ አቀለለው። ታደለች የሰማችው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

መስከረም 23፣ ከሰዓት በኋላ

ይሻለዋል! እግዚአብሔር ይመስገን። ከእንሰቱ ጥግ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሾርባ ጠጥቷል። ታደለች እየዘመረች ግቢ ትጠርጋለች።

አጠገቡ ተቀመጥሁ። ስለ ጆሃንስበርግ ጠየቅሁት። ጥሩ ነው። ሥራው? ጥሩ ነው። የአገራችን ልጆች ሱቅ የሚሠሩበት ሰፈር እንዴት ያለ ነው? ትልቅ ነው። አንድ ሺሕ ጥያቄ ብጠይቀው ከሦስት ቃል በላይ አይመልስልኝም። በልጅነቱ ከጊምቢቹ ገበያ እስኪመለስ ያየውን ሁሉ፣ የበሬውን ቀንድ ሳይቀር የሚተርክ ልጅ ነበር። ስደት ሰውን ዝም ያሰኛል አልሁ በልቤ።

በመሐል ግን እሱ ጠየቀኝ። «አጎቴ፣ ታምራትስ ተሽሎታል?» አላውቅም አልሁት። ስልክ እንድደውል ለመነኝ። ለምን ራሱ እንደማይደውል ብጠይቀው የታምራት አባት ያነሣዋል አለ። ነገሩ አልገባኝም። ነገ እደውላለሁ ብዬው ወጣሁ።

ነገ ሆመቾ መድረክ አለብኝ። ርዕሱ ሕገወጥ ስደትና ወጣቶቻችን። ንግግሬን ገና አልጻፍሁም። ስለ በረሃው፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ባሕሩ እናገራለሁ፤ እንደ ሁልጊዜው።

መስከረም 25፣ ምሽት

ከሆስፒታል ገና መግባቴ ነው፤ ደክሞኛል። ቢሆንም ልጻፍ።

ትናንት መድረኩ ስላመሸ ሆመቾ አደርሁ። ዛሬ ቀትር ላይ ስመለስ የአቶ ከድር መኪና ደጃፌ ቆማለች፤ ሞተሯ አልጠፋም። ቀልድ የለም። «ክቡር፣ ይግቡ» ብቻ አለኝ። ምሕረቱ ሰው መለየት አቁሟል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሽንቱ እንደ ኮካ ጠቁሯል። መንገድ ላይ፣ የኋላ ወንበር፣ ራሱ ጭኔ ላይ ሆኖ፣ በማላውቀው ቋንቋ ይለምናል። ውኃ ይሁን ምሕረት፣ ምን እንደሚለምን አላወቅሁም።

ሆስፒታል ስንደርስ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ገባን፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተናገርን። ተረኛዋ ዶ/ር ሰላም የልጅ ልጄን የምታህል ናት። ዝም ብላ ሰማችን። ኋላ ስቴቶስኮፗን ከጆሮዋ አወጣችና «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሁላችሁም እየነገራችሁኝ ነው። የታመመው ግን እሱ ነው። እባካችሁ ውጡልኝ» አለች። ታደለች አልወጣም አለች፤ ተለምና ወጣች። እኔም ልወጣ ስል ልጁ እጄን አልለቀቀም። ቀረሁ።

ግሉኮስ ሰጠችው። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑ ተመለሰ። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ወባ ብቻ ሳይሆን ትንኝ የምታመጣቸው ሌሎች ትኩሳቶችም እንዳሉ፣ በየት እንዳለፈ ካልነገራት የቱን መፈለግ እንዳለባት እንደማታውቅ አስረዳችው። «የምንሰማህ እኔና እሳቸው ብቻ ነን» አለችው።

ነገራት።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ምሕረቱ ጆሃንስበርግን በዓይኑ አላየም። ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ። ማላዊ ላይ እሱና ታምራት ተያዙ፤ ታሰሩ። ስልክ ሲያገኝ ለእናቱ ሥራ በዝቶብኝ ነው ይል ነበር። ሲለቀቁ ወደፊት መሄጃ አጡ። በእግር፣ በጭነት መኪና፣ በሐይቅ ዳር መንደሮች እያደሩ፣ ያለ አጎበር፣ ተመለሱ። ትኩሳቱ እዚያው ነው የጀመራቸው። ከአንድ መንገደኛ ያገኙትን የወባ ክኒን ለሁለት ተካፈሉት፤ ቀለል ሲላቸው ተዉት። የቆዳ ጃኬቱ የሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ላይ ታጠቡ፣ ልብስ ገዙ፣ ከአውሮፕላን እንደወረደ ሰው ሆነው ገቡ።

ሐኪሟ አልወቀሰችውም። ያ ግማሽ ክኒን በሽታውን ሳያድን ደብቆት ሊሆን እንደሚችል ነገረችኝ። ደሙ ዳግመኛ ታየ። ወባ፤ ክፉኛ። ወዲያው የወባ መርፌ ጀመረችለት።

ልጁ እጄን ሳበኝ። «አጎቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።»

እሺ አልሁት። የታመመ ሰው ሲለምን ሌላ ምን ይባላል?

መስከረም 26፣ ከሰዓት በኋላ

ትኩሳቱ ወርዷል፤ ኩላሊቱ ግን አልሠራ ብሏል። እዚህ የሌለ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ነገ ጧት በአምቡላንስ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይሄዳል።

ታደለች በኮሪደሩ አግድም ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች። አውሮፕላን ውስጥ ትንኝ ይገባል እንዴ? በሆሳዕና ከተማ ይህ ሁሉ ብርድ እያለ ወባው ከየት መጣ? በበዓሉ ቀን ከቆላ የመጣ እንግዳ ይዞት ይሆን? ማንን ጋብዘን ነበር? እያንዳንዱን እንግዳ እየጠራች ትመረምራለች። ዝምታዬን እንደ ሐዘን ቆጠረችልኝ።

ዶዮገና ደወልሁ። ከትናንት ወዲያ ልደውል የነበረውን። የታምራት አባት አቶ ላምቤቦ አነሡ፤ በስብሰባ እንተዋወቃለን። ስለ ቃሌ ስል ግማሹን ብቻ ተናገርሁ፤ ልጁ ደሙን ለወባ ይታይ፣ ዛሬውኑ። እሳቸው ሳቁ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የእኛ ልጅ በአየር ነው የመጣው! ታይፎይድ ነው ብለውናል፤ መርፌውን ጀምሯል» አሉኝ። ምስጋናቸውን አቀረቡ፤ ለቤተሰቤ ሰላምታ ላኩ። ልጁን ላናግረው ብል ተኝቷል አሉ።

ያው መርፌ፣ ያው ሳቅ። የሚናገርለት ሰው በዝቶለታል።

ቃል የሰጠሁት ለምሕረቱ ነው። ግን ስለ ታምራት የጠየቀኝስ ራሱ ምሕረቱ አይደለም? ሲነቃ ፈቃዱን እጠይቀዋለሁ። አዎን። ነገ ከመንገዱ በፊት።

መስከረም 27፣ ጧት

አልነቃም።

አምቡላንሱ ከሆስፒታሉ በር አልወጣም። ዶ/ር ሰላም ከመኪናው ወርዳ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። ታደለች አልጮኸችም። የልጇን ጫማ በደረቷ ታቅፋ ማን ያጥልቅለት እያለች ትጠይቃለች።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

መስከረም 27፣ ከሰዓት በኋላ

ድንኳኑ ተተክሏል። ቀብሩ ነገ ነው፤ ዘመድ ከዱራሜም ከአዲስ አበባም ይጠበቃል። ሽማግሌዎቹ ጠርተው የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እንዳነብ አዘዙኝ። የቤተሰቡ አንባቢ እኔ ነኝ፤ ስንቱን አንብቤ ሸኝቻለሁ።

ተቀምጬ ጀመርሁ። ከሟቹ አባቱ ከአቶ እንዲህ፣ ከእናቱ ከወ/ሮ ታደለች ተወለደ። ትምህርቱን ተከታተለ። በመዘምራን አገለገለ። ቀጥሎ «የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ» ብዬ ብዕሬ ቆመ። ድንኳኑ ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ልጃቸው ትናንት የገባላቸው፣ ነገ የሚገባላቸው፣ ከሞያሌ ወዲያ ድምፁ የጠፋባቸው። በየቤቱ ብርድ የያዘው ልጅ ስንት ይሆን? አቶ ላምቤቦም ነገ ለለቅሶ ይመጣሉ። ልጃቸውን አልጋ ላይ ትተው።

ብዕሬን አስቀምጬ ወደ ታደለች ገባሁ። ሴቶቹን ለአፍታ አስወጣሁ። ቃሌን አፈረስሁ፤ ሁሉንም ነገርኋት። እስሩን፣ ሐይቁን፣ የሐዋሳውን ጃኬት።

ፊቷ ድንጋይ ሆነ። በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ልጄን ሁለቴ ልትቀብርብኝ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። የእሷ ልጅ ጆበርግ ነበር፤ አገር ያውቃል። እስረኛ ነበር ተብሎ በማይክራፎን አይነበብም። እኔ ወንድሟ ሳለሁ፣ አገር የሚያከብረኝ ሳለሁ፣ ይህን እንዴት አስባለሁ? ተገቢ ቁጣ ነው።

ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ጨመርሁ። ታምራትም በዚያው መንገድ ነው የመጣው፤ ያው ትኩሳት አለበት፤ አባቱ አልሰማኝም።

በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ከኋላዬ ድምፅዋ።

«እናቱ ማን ትባላለች?»

አላውቅም አልሁ። አቶ ከድር ያውቃል፤ ከሱቁ ጨርቅ ትወስዳለች። ተጠራ። ስሟንም ስልኳንም አመጣ። ታደለች ስልኩን ከእጄ ወሰደች። ከምባትኛ ታውቃለች፤ በወጣትነቷ ዶዮገና ገበያ ቅቤ ስትነግድ የለመደችው። እኔ ግማሹን ነው የምሰማው፤ የቀረውን አቶ ከድር በሹክሹክታ ይነግረኛል። የምሕረቱ እናት ነኝ አለቻት። ልጄ ድንኳን ውስጥ ነው። ልጅሽ በአየር አልመጣም፤ በእግሩ ነው የመጣው፣ ከልጄ ጋር። ባልሽን አስወጪና ልጅሽን ብቻውን ጠይቂው።

ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ተሰማ። ታደለች አላስጨረሰቻትም።

«ለቅሶው የእኔ ነው። አንቺ ተነሺና መኪና ፈልጊ።»

አቶ ከድር የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ እያወጣ ወጣ። መኪና ካጡ ግማሽ መንገድ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት።

መስከረም 28፣ ጧት

ታምራት ሆስፒታል ገብቷል። ትናንት ከመምሸቱ በፊት ደርሰዋል። ወባ ነው። ዶ/ር ሰላም ገና ምንም ተስፋ አልሰጠችኝም፤ ግን ይናገራል፣ ሽንቱም አልጠቆረም። አቶ ላምቤቦ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሰላምታ ሊሰጡኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን ቆመን ቆየን።

ደስታ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምሕረቱ የለም። ከትናንት አንድ ቀን ቀድሜ ቃሌን ባፈርስ ለምሕረቱ ምንም አይለወጥም ነበር፤ ይህን ሐኪሟም አረጋግጣልኛለች። ቢሆንም አልተኛሁም።

ከሆስፒታል ወደ ድንኳኑ። ስገባ ታደለች አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የጻፍሁትን እንዳነብላት ጠየቀች፤ አነበብሁላት። «የተሻለ ኑሮ ፍለጋ» የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሣች።

ጆበርግን አውጣው አለችኝ። ማላዊን ጻፍ። ሐይቁን ጻፍ። ክኒኑን ተካፍለው መዋጣቸውን ጻፍ። እኔ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኋት። መልሷን ቃል በቃል ልመዝግበው፦ «አንተ የምታነበው በአማርኛ ነው። ለሹማምንቱ ይበቃል። እናቶቹ ግን ኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ግማሹ አይደርሳቸውም። አንተ ስትጨርስ እኔ በሀዲይኛ እነግራቸዋለሁ።»

እናት በልጇ ቀብር ቆማ ስትናገር በእኛ አገር አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ምንም ቢሉ ማይክራፎኑን የምሰጣት እኔ ነኝ። ይህን ወስኛለሁ።

መድረክ ላይ በበረሃና በደላላ ላይ ብዙ ተናግሬአለሁ። የተመለሰው ልጅ በየት እንደተመለሰ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ የጠየቀም ሰው አላጋጠመኝም።

የሕይወት ታሪኩን እንደገና ገለበጥሁ። ከተሞቹን በቅደም ተከተላቸው አስገባሁ። አንዱንም አልዘለልሁም። መዝጊያው እንዲህ ነው፤ ጉባኤው ሳይሰማው አንተ ስማው፦

«ሐዘናችንን ለመካፈል ከቅርብም ከሩቅም ለመጣችሁ ሁሉ በቤተሰቡ ስም የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በመንገድ ላይ ያሉትን ልጆቻችሁን እግዚአብሔር በደኅና ያግባላችሁ። ሲገቡም ከአታካናው በፊት ደማቸው ይታይ። ሐኪም ሲጠይቃቸው ዝም በሉላቸው፤ እነሱ ይናገሩ። የሚሉትንም የምትሰሙበት ልብ ይስጣችሁ።»

የቀብሩ መኪና መጣ። ታደለች ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።